ቁራው የሚነሳው ወደፊት ሲያጋድል ነው፦ በእጅ ላይ ሚዛን መጠበቅን ደረጃ በደረጃ መማር

ዮጋ ውስጥ ሰው ሁሉ ፎቶ መነሳት የሚወዳቸው አቋሞች አሉ። እግር ከመሬት ተላቆ ሙሉ ሰውነት በሁለት መዳፍ ላይ የሚውልባቸው። የሚያያቸው ሰው መጀመሪያ የሚለው "ለዚህማ ክንዴ አይችልም" ነው። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ትንሽ የክንድ አቅም ያስፈልጋል። ግን ጂም ውስጥ ከባድ ብረት የሚያነሳ ጎረምሳ እግሩን ማላቀቅ ሲያቅተው፣ አምስት ፑሽ አፕ በወጉ የማትጨርስ ሴት ደግሞ ቀለል አድርጋ ስትነሳ ማየት የተለመደ ነው። እሷ የቻለችው ክብደቷን ወደፊት ለመላክ ስለደፈረች ነው። እሱ ፊቱ መሬት እንዳይመታ ይፈራል። ስለዚህ ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ወደ ኋላ የተጎተተ ሰውነት ደግሞ አይነሳም።

ይህ መመሪያ የሚያተኩረው በአንድ አቋም ላይ ነው፦ ቁራ። በሳንስክሪት ካካሳና ይባላል። ክርን ታጥፎ፣ ጉልበት በላይኛው ክንድ ላይ አርፎ፣ እግር በአየር ላይ። ከሌሎቹ ሁሉ ቀላሉ ነው። ለመሬትም ቅርብ ስለሆነ ብትወድቁ የምትወድቁት ከአንድ ስንዝር ብዙም ከማይበልጥ ከፍታ ነው። እሱን የተማረ ሰው የሌሎቹን መሠረት ይዟል።

አንዳንዱ ዮጋ ከሂንዱ እምነት ጋር ያለውን ትስስር አንስቶ ይጠይቃል። ትስስሩ አለ፤ መካድ አያስፈልግም። እዚህ የቀረበው ግን የሰውነት እንቅስቃሴው ብቻ ነው። ጅምናስቲከኞች ይህንኑ አቋም የእንቁራሪት አቋም ብለው ለጀማሪ ያስተምሩታል። በአገራችን እንደ ሰርከስ ደብረ ብርሃን ያሉ ቡድኖች በእጅ ላይ የሚሠሩት ትርኢትም የሚቆመው በዚሁ የሚዛን ሕግ ነው።

ሰውነት ቦታውን እንዴት ያውቃል?

ዓይናችሁን ጨፍኑና በጣታችሁ አፍንጫችሁን ንኩ። ሳታዩ አገኛችሁት። በጡንቻ፣ በጅማትና በመገጣጠሚያ ውስጥ መወጠርንና መታጠፍን ለአእምሮ የሚያሳውቁ ነርቮች አሉ። ባለሙያዎች ይህን ፕሮፕሪዮሴፕሽን ይሉታል። ከዚህ ጋር ዓይንና የውስጥ ጆሮ አብረው ይሠራሉ። በውስጥ ጆሮ ፈሳሽ ያለባቸው ሦስት ቀለበት መሰል ቱቦዎች አሉ፤ ጭንቅላት ሲዞር ወይም ሲያዘነብል ያንን ይለያሉ።

አሁን ተነሱና ጫማችሁን አውልቃችሁ በአንድ እግር ቁሙ። ግድግዳ አጠገብ ይሁን። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍኑ። ቁርጭምጭሚታችሁ ወዲያና ወዲህ ሲንቀጠቀጥ፣ የእግር ጣቶቻችሁ መሬቱን ሲቧጥጡ ይሰማችኋል። መንቀጥቀጡ ድክመት አይደለም። ሚዛን ማለት ራሱ ያ ነው፤ ያለማቋረጥ ጥቂት ማጋደል፣ ጥቂት ማረም። በቁራ አቋም ያንኑ ሥራ የሚሠሩት የእጅ ጣቶች ናቸው። እግራችሁ ይህን ሥራ ከሕፃንነታችሁ ጀምሮ ሲሠራ ኖሯል። እጃችሁ ግን አዲስ ነው። ስለዚህ ታገሡት።

ከመጀመራችሁ በፊት

የእጅ አንጓ፣ የትከሻ ወይም የክርን ጉዳት ያለበት ሰው፣ ሌሊት ጣቱን የሚያደነዝዘው ሰው፣ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት፣ እንዲሁም ያልተስተካከለ የደም ግፊት ወይም ግላኮማ የሚባለው የዓይን ሕመም ያለበት ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ያናግር። ይህን አልፎ የሚሞክር ደፋር ሁልጊዜ ይገኛል። እናንተ አትሁኑ።

ቦታው ጠንካራ ወለል ይሁን። ሴራሚክም፣ ጣውላም፣ ቀጭን የዮጋ ምንጣፍም ይሆናል። ፍራሽ ላይ አትሞክሩ። ብዙ ሰው "ብወድቅም አይጎዳኝም" ብሎ አልጋ ላይ ይጀምራል፤ ግን መዳፉ ወደ ውስጥ ሲሰምጥ አንጓው ከሚገባው በላይ ይታጠፋል፣ ጣቶቹም የሚገፉት ነገር ያጣሉ። ለስላሳው ነገር የሚያስፈልገው ከፊታችሁ ነው፦ ሁለት ትራስ፣ ወይም የሶፋ ትራስ።

ከምግብ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ጠብቁ። ጭን ሆድ ላይ ስለሚጫን ሽሮ እንደበሉ ወዲያው መሥራት አይመከርም። በጾም ቀን የምትለማመዱ ከሆነ ጠዋት ላይ ቀለል አድርጉት፤ የሚያዞራችሁ ከሆነ ደግሞ ለማፍጠሪያው ማግስት ይቆይ።

ልብስም ልዩነት አለው። የሚያንሸራትት ሱሪ ለብሳችሁ በላብ በረጠበ ክንድ ላይ ጉልበት አስቀምጣችሁ አይቆምም። ክንድ ባዶ፣ ሱሪ ጥጥ ቢሆን ይሻላል። ቅባት የተቀባ እጅ ደግሞ ታጠቡ።

አንጓውን ማሞቅ

ይህን ክፍል የሚዘል ሰው በሁለተኛው ሳምንት አንጓዬን አመመኝ ብሎ ይተዋል። አምስት ደቂቃ ነው።

በአራት እግር ሁኑ፤ ማለትም መዳፍና ጉልበት መሬት ላይ። አንጓ ከትከሻ በታች። መዳፉ ሳይነሳ ትከሻችሁን በክብ አዙሩ፤ አሥር ጊዜ በቀኝ፣ አሥር ጊዜ በግራ። ከዚያ ጣቶቹን ወደ ጉልበታችሁ አዙሩና ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ ተቀመጡ። የክንዱ የታችኛው ክፍል ሲወጠር ይሰማችኋል። መወጠር ደህና ነው፤ መውጋት ደህና አይደለም። በመጨረሻ የእጃችሁን ጀርባ መሬት ላይ አድርጉና በጣም ጥቂት ክብደት ብቻ ስጡት።

ጡንቻ በሳምንታት ይጠነክራል። ጅማት ግን ቀርፋፋ ነው። ክንዳችሁ "ልቀጥል" ሲል አንጓው ገና ያልደረሰበት ጊዜ ይኖራል። ስለዚህ በየቀኑ አትሥሩት። በሳምንት ሦስት ወይም አራት ቀን፣ በየመሃሉ ዕረፍት እያደረጋችሁ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይበቃል።

እጅን እንደ እግር ማሠልጠን

አሁንም በአራት እግር። እጃችሁ በትከሻ ስፋት ልክ ይሁን፣ ጣቶች ሰፋ ይበሉ። ከዚያ መሬቱን በጣት ጫፍ ቆንጥጡ። የጣቶቹ መካከለኛ አንጓ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ጫፉ ይጫናል። የሌባ ጣትና የአውራ ጣት ሥር ከመሬት እንዳይነሳ አስተውሉ። ጀማሪ ክብደቱን ሁሉ በትንሿ ጣት በኩል ወደ ውጭ ይጥለዋል፤ አንጓ የሚታመመውም ያኔ ነው።

በዚህ ሁኔታ ትከሻችሁን ወደፊት ላኩ፤ ከጣቶቹ ጫፍ በላይ እስኪደርስ። ጣቶቹ ነጭ እስኪሆኑ ይጫናሉ። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሱ፤ አሁን ክብደቱ ወደ መዳፍ ሥር ሄደ። እንደገና ወደፊት። አሥር ጊዜ። ለእኔ ከመመሪያው ሁሉ ትልቁ ልምምድ ይህ ነው፣ ቢሰለችም። እዚህ የምትማሩት ሁለት ትእዛዝ ብቻ ነው፦ ወደፊት ልትወድቁ ስትሉ ጣት ይጫናል፤ ወደ ኋላ ልትመለሱ ስትሉ ጣት ይለቅና ደረት ወደፊት ይሄዳል። ይህ ያለ ሐሳብ በራሱ መምጣት አለበት። በአየር ላይ ሆናችሁ ለማሰብ ጊዜ የለም።

ቀጥሎ ትከሻ። መሬቱን ከእናንተ አርቁት፤ ግፉት። የላይኛው ጀርባ ክብ ይሆናል፣ በትከሻ በኩል ያሉት ሁለት ሰፊ አጥንቶች ይራራቃሉ። በዮጋ የድመት አቋም የሚሉት ነው። ያንን ክብ ጀርባ ይዛችሁ እግራችሁን ወደ ኋላ ዘርግታችሁ ፕላንክ ሥሩ፤ ማለትም በመዳፍና በእግር ጣት ብቻ ሰውነትን እንደ ሳንቃ ቀጥ አድርጋችሁ ቆዩ። ሃያ ሰከንድ። ቀስ በቀስ ወደ ሠላሳና አርባ አሳድጉት። ሆድ እንዳይንጠለጠል። አርባ ሰከንድ በሰላም ከቆያችሁ ለቁራ የሚሆን የክንድ አቅም አላችሁ ማለት ነው። ከዚያ በላይ መጠበቅ ሰበብ ፍለጋ ነው።

በጀርባ ተኝቶ ቁራ መሆን

በጀርባችሁ ተኙ። ጉልበታችሁን ወደ ደረት ሳቡ። እጃችሁን ወደ ጣሪያው ዘርጉ፣ መዳፉን ጣሪያ እንደሚገፋ ሰው ወደ ኋላ አጥፉ፣ ክርናችሁን ጥቂት እጠፉ። ጉልበታችሁን ከላይኛው ክንዳችሁ ውጭ፣ ለብብት ቅርብ አድርጉ። ተረከዝ ወደ መቀመጫ። ራሳችሁንና ትከሻችሁን ከመሬት ጥቂት አንሱ።

ይኸው፣ ቁራ ሆናችሁ። በጀርባ ተገለበጠ እንጂ ቅርጹ ያው ነው። አሁን ዓይን ጨፍናችሁ መርምሩት። የቱ ጡንቻ ሠራ? ሆድ ምን ያህል ጠበቀ? ጉልበት ክንዱን እየጨመቀ ነው ወይስ ላላ? ተረከዞቹ ተጠጋግተዋል? አምስት ትንፋሽ ቆዩና ልቀቁ። ሦስት ጊዜ ድገሙት። ፍርሃት በሌለበት ቦታ ሰውነት ቅርጹን ቶሎ ይይዛል። በኋላ በእጅ ላይ ስትሆኑ ሁሉም ነገር ሲደበላለቅ የምትመለሱት ወደዚህ ስሜት ነው።

መውደቅን ቀድሞ መጨረስ

ብዙ አስተማሪ ይህን አያስተምርም። ማስተማር ነበረበት። ፍርሃቱ ያለው ፊት መሬት መምታቱ ላይ ከሆነ፣ ፊትን መሬት ማስነካት ቀድመን እንለማመድ።

ቁጢጥ በሉ። እጃችሁን ከፊታችሁ መሬት አድርጉ፤ ከእጃችሁ ፊት ሁለት ትራስ ደርቡ። ክርን አጥፋችሁ፣ እግር መሬት ላይ እንዳለ፣ ቀስ ብላችሁ ወደፊት አጋድሉ፤ ግንባራችሁ ትራሱ ላይ እስኪያርፍ። ተመለሱ። ደግማችሁ አጋድሉ። ትራሱ ጋ የመድረሱ መንገድ ሲታወቅ፣ ሰውነት "ከዚህ ወዲያ ገደል ነው" ማለቱን ያቆማል። ከዚያ አንዱን ትራስ አንሱ። በአንድ ትራስ ድገሙት። እያጋደላችሁ ሳለ ትንፋሽ ከተያዘ ገና ፈርታችኋል ማለት ነው፤ ትንፋሽ እስኪፈታ እዚያው ቆዩ።

አሁን ቁራው

1. ወፈር ያሉ ሁለት መጻሕፍት ደርባችሁ፣ ወይም የዮጋ ብሎክ ካለ እሱን፣ መሬት ላይ አስቀምጡ። እንዳያንሸራትት አረጋግጡ። እግራችሁን አጠጋግታችሁ በላዩ ላይ ቁጢጥ በሉ። እግር ከፍ ሲል ወደፊት ማጋደሉ ግማሹ አለቀ ማለት ነው።

2. እጃችሁን ከፊታችሁ በትከሻ ስፋት መሬት ላይ አድርጉ። ጣቶች ይቆንጥጡ። ትራሱ ከጣቶቻችሁ ፊት ይሁን።

3. መቀመጫችሁን ከፍ አድርጉ፤ በእግር ጣት ላይ ቁሙ። ክርናችሁን ወደ ኋላ እጠፉ። ጉልበታችሁን በላይኛው ክንድ ላይ፣ በተቻለ መጠን ለብብት ቀርቦ አስቀምጡ። ክርን አጠገብ ካደረጋችሁት ይንሸራተታል። ክንዱ ወደ ውጭ ሊከፈት ሲል ጉልበቱ እንዲይዘው፣ ጉልበቱም ሊወርድ ሲል ክንዱ እንዲገፋው አድርጉ፤ እርስ በርስ ይጨመቁ።

4. ዓይናችሁን ከጣቶቻችሁ ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ያህል ፊት ያለ አንድ ነጥብ ላይ ትከሉ። ወደ እግራችሁ አትዩ። ዓይን ወደ ታችና ወደ ኋላ ካየ ጭንቅላት ይከተለዋል፤ ጭንቅላት ከወረደ ሰውነት ይገለበጣል።

5. አሁን ደረታችሁን ወደ ነጥቡ ላኩ። ላኩ እንጂ አትዝለሉ። ክርናችሁ ከአንጓችሁ በላይ ሲደርስ ጣቶቹ ሲጠብቁ ይሰማችኋል። ጥቂት ጨምሩ። እግራችሁ እየቀለለ ይመጣል።

6. አንድ እግር አንሱ። ተረከዙን ወደ መቀመጫ ሳቡ። መልሱ። ሌላውን አንሱ። መልሱ። ለብዙ ቀናት እዚህ መቆየት ምንም ነውር የለውም።

7. አንዱ ተነስቶ ሳለ ደረት ትንሽ ወደፊት ሲሄድ ሁለተኛው በራሱ ይላቀቃል። የእግር አውራ ጣቶቻችሁን አገናኙ። መሬቱን ግፉ፣ የላይኛው ጀርባ ክብ ይሁን። አንድ ትንፋሽ። ከዚያ ሁለት። ከዚያ ሦስት።

8. ስትመለሱ ደረቱን ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ አምጡ፤ እግር ቀስ ብሎ ይረፍ። ዘጭ ብሎ መውረድ አንጓ ይጎዳል፤ ደግሞም የልምምዱን ግማሽ መጣል ነው።

ለምን ይሠራል? ቆመን ሳለ የክብደታችን ማዕከል ከእምብርት ትንሽ ዝቅ ብሎ ይገኛል። በቁራ አቋም ሰውነት ተጠቅልሎ ይህ ማዕከል ከመዳፎቹ በላይ መዋል አለበት። ከመዳፍ ሥር ወደ ኋላ ከቀረ እግር አይነሳም። ከጣት ጫፍ ካለፈ በአፍንጫ ነው። የአዋቂ እጅ ርዝመት አሥራ ስምንት ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው፤ ጨዋታው ሁሉ እዚያች ውስጥ ነው። የገበያ ሚዛን አስቡ። በአንዱ ሳህን ደረትና አምስት ኪሎ የሚጠጋ ጭንቅላት አለ፤ በሌላው ዳሌና እግር። የፊተኛው ሳህን ሲከብድ የኋለኛው ይነሳል። እግራችሁን በእግር ጡንቻ ለማንሳት የምትታገሉ ከሆነ የተሳሳተውን ሳህን እየጎተታችሁ ነው።

ሲበላሽ ምክንያቱ ይኸው ነው

እግር ፈጽሞ ካልተነሳ፣ ከአሥር ዘጠኙ ጊዜ ደረት ወደፊት አልሄደም። ክንድ ደካማ ነው ብላችሁ ፑሽ አፕ ከመጀመራችሁ በፊት በስልክ ከጎን ቪዲዮ ቅረጹ። ክርናችሁ ከአንጓችሁ ወደ ኋላ ሆኖ ታገኙታላችሁ። መስታወት ለዚህ አይረዳም፤ ለማየት ጭንቅላት ስታዞሩ ሚዛኑ ይበላሻል። ቪዲዮው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፦ "ጀርባዬ ክብ ነው" ብላችሁ ያሰባችሁትና የተቀረጸው ሲለያይ ታያላችሁ። ከማየታችሁ በፊት "ክርኔ የት ነበር?" ብላችሁ ገምቱ፤ ከዚያ ክፈቱት። ግምቱና ቪዲዮው እየተቀራረቡ ሲመጡ ሰውነታችሁን ማወቅ ጀምራችኋል።

ጉልበት ከክንድ ላይ እየተንሸራተተ ከወረደ መቀመጫው ዝቅ ብሏል። ከፍ አድርጉት። ክርኖች እንደ ክንፍ ወደ ጎን ከተከፈቱ እጆች ተጠጋግተዋል ወይም የሌባ ጣት ሥር ተነስቷል። ክንዱ ላይ ጉልበት ያረፈበት ቦታ ሰማያዊ ቢል አትደንግጡ፤ ጀማሪን ያጋጥማል፣ ይጠፋል። አንጓ ውስጥ የሚወጋ ሕመም ካለ ግን ያን ቀን አቁሙ።

ትንፋሽ መያዝ ሁሉም ሰው ላይ ይታያል። መፍትሔው በአፍ ጮክ ብሎ መቁጠር ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ትንፋሽ ይዞ መቁጠር አይቻልም።

ከቁራ በኋላ

አምስት ትንፋሽ ያህል ያለ መጽሐፍና ያለ ትራስ ከቆያችሁ ወደ ጎን ቁራ መሄድ ትችላላችሁ። ፓርሽቫ ባካሳና ይባላል። ወገብ ተጠምዝዞ ሁለቱም ጉልበቶች በአንድ ክንድ ላይ ያርፋሉ። የሚገርመው፣ ለአንዳንዱ ሰው ይህ ከቁራ ይቀላል። ሁለቱንም ጎን ሥሩ፤ አንዱ እንደሚያንስ ታያላችሁ፤ በሚያንሰው ጀምሩ።

ክርን ቀጥ ብሎ የሚሠራው ባካሳና ግን ሌላ ነገር ነው። ጉልበት እስከ ብብት ይወጣል፣ ክንድ ይዘረጋል፣ ሆድ ብዙ ይሠራል። ቁራውን ተምሮ በሳምንቱ ይሄን የሚጠብቅ ሰው ይበሳጫል። ወራት ስጡት።

አሽታቫክራሳና በፎቶ ላይ ከሁሉም የሚያስፈራው ነው። ስሙ ማሃባራታ በሚባለው ረጅም የጥንት ሕንድ ግጥም ውስጥ በአባቱ እርግማን ሰውነቱ ስምንት ቦታ ተጣሞ ከተወለደው ጠቢብ የመጣ ነው። አንድ እግር በክንድ ላይ ይጠመጠማል፣ ሌላው ከታች ይቆላለፍበታል፣ ሁለቱም ወደ ጎን ይዘረጋሉ። የሚጠይቀው የዳሌ መፍታታትን ነው፤ በሚዛን በኩል ቁራውን ለያዘ ሰው ከሚመስለው ይቀላል።

ጣዎሱን፣ ማዩራሳናን፣ እስከመጨረሻ አቆዩት። ጣቶች ወደ እግር ዞረው፣ ሁለቱ ክርኖች ሆድ ውስጥ ተተክለው፣ ሰውነት እንደ ሳንቃ አግድም ይሆናል። ቁጭ ተብሎ ከማይሠሩት አቋሞች መካከል ቀድመው በጽሑፍ ከተመዘገቡት አንዱ ነው፤ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈው ሃታ ዮጋ ፕራዲፒካ የተባለው የዮጋ መጽሐፍ መርዝ እንኳ ያስፈጫል ይለዋል። መርዙን ተዉት። አንጓ ላይ የሚጥለው ጫና ግን እውነት ነው፤ ጣቶችን ወደ ጉልበት አዙሮ የመቀመጡ ማሞቂያ ሙሉ በሙሉ ሳይመቻችሁ አትንኩት። ሲጀምሩም ግንባርን ትራስ ላይ አሳርፎ፣ የእግር ጣትን መሬት ላይ ትቶ፣ አንድ እግር ብቻ ማንሳት ይበቃል።